ሰዓት ሳይሆን ተራ፦ ኦቲዝም ካለበት ልጄ ጋር ክረምትን ማቀድ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ መስከረም ሁለት ወር ከምናምን ቤት ነው። ለሌላው ልጅ ይህ ዕረፍት ነው። ለእኔ ልጅ ግን ጠዋት የሚለብሰው ዩኒፎርም፣ የሚሳፈርበት ሰርቪስ፣ በር ላይ ሰላም የሚለው ዘበኛና የሚቀመጥበት ወንበር ሁሉም በአንድ ቀን የሚጠፉበት ጊዜ ነው። 9 ዓመቱ ነው። የሚናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ የሚገባው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቱ የጭነት መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ እኔ ቤት ሆኜ ልብስ እሰፋለሁ፤ ታላቅ እህቱ ሰባተኛ ክፍል ናት።

የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ከከተማው ዳር ለምትኖሩ ነው። ከውጭ አገር ወላጆች ተተርጉሞ የሚደርሰን የዕረፍት ጊዜ ዕቅድ መዋኛ፣ ካምፕና ፀሐይ የሞላበት ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ዕረፍቱ የሚውለው ዝናብ ላይ ነው። በዚያ ላይ እነዚያ ዕቅዶች በሰዓት የተከፋፈሉ ናቸው፦ 2 ሰዓት ቁርስ፣ 3 ሰዓት መታጠብ፣ 4 ሰዓት ውጭ። መብራት ሲጠፋ ቁርሱ ይዘገያል። ውኃው በፈረቃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ መታጠቢያው ወደሌላ ጊዜ ይዞራል። 4 ሰዓት ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ልጁ ካመነው በኋላ በየቀኑ ሲፈርስ ከሚያይ፣ ባይሰቀል ይሻላል። እኛ ቤት ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፤ ተራ ነው ያለው። ከምን በኋላ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል፤ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን ለዝናቡም ለመብራቱም ተትቷል።

ይህ የአንድ ዓይነት ነገር ፍላጎት ግትርነት ወይም ቅብጠት እንዳልሆነ ለዘመድም ለጎረቤትም ደጋግሜ እናገራለሁ። ነገሮች እንደነበሩ እንዲሆኑ አጥብቆ መፈለግ ሐኪሞች ኦቲዝምን ለመለየት ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ የሚውል ልጅ ቀኑን ሙሉ ተጨንቆ ይውላል፤ ማታ የምናየው ጩኸት ጠዋት የጀመረ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ በልጄ ዓይን ቁመት፣ ገመድ ተወጥሯል። በልብስ መቆንጠጫ ፎቶዎች ይሰቀሉበታል፤ ከግራ ወደ ቀኝ። ፎቶዎቹን በስልኬ አንስቼ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ላሚኔት አስደረግኋቸው፤ ካልሆነ ምራቅና ሻይ ሳምንት አያቆያቸውም። የኢንተርኔት ሥዕል አልወድም። የማያውቀው ነጭ መታጠቢያ ክፍል ለልጄ ምኑም አይደለም፤ የእኛ ሰማያዊ ባልዲ ግን መታጠብ ማለት ነው። አንዱ ነገር ሲያልቅ ፎቶውን ራሱ ነቅሎ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይከተዋል። ካርቶኑ «አለቀ» ይባላል። አንዳንድ ቀን ከሥራው ይልቅ ይህችን መንቀል ነው የሚወዳት፤ ይሁን።

ገመዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰቅሉ ከሆነ ሙሉ ቀን አትደርድሩ። በሁለት ፎቶ ጀምሩ፦ መጀመሪያ ይኼ፣ ከዚያ ያ። መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ውጭ። ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚወደው ይሁን። ሁለቱ ሲገቡት ሦስት፣ ከዚያ የጠዋቱን ሙሉ። ፎቶ ገና የማይገባው ልጅ ካላችሁ ዕቃውን ራሱን ስጡት፦ ለመታጠብ ሳሙናዋን፣ ለመብላት ማንኪያውን፣ ለመውጣት ጃንጥላውን። ዕቃውን ይዞ ወደ ቦታው ይሄዳል። ልጄ ከዚህ ነው የጀመረው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቻቸው የጀመሩት፣ «ቲች» የሚባል አሠራር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በግዛቲቱ ሁሉ ሲሠራበት ቆይቷል። ሐሳቡ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙውን ጊዜ ከተነገረው ይልቅ ያየውን ይይዛል የሚል ነው። ቃል ተነግሮ ያልፋል፤ ፎቶ ልጁ ተመልሶ እስኪያየው ይጠብቃል። ሥራ ላይ የተቀመጠ ልጅ አራት ነገር በዓይኑ ማየት አለበት ይላሉ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ማለቁን በምን እንደሚያውቅና ቀጥሎ ምን እንዳለ። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሥራ ልጄን አስቀምጦት አያውቅም።

ከሰዓት ሙሉ በሙሉ ተላቀናል ማለቴ አይደለም። መነሳት፣ ምሳና መኝታ እንደ ድንኳን ካስማ ናቸው፤ እነሱ ከተነቀሉ ሌላው አይቆምም። በተለይ መኝታ። ክረምት ነው ብለን እስከ እኩለ ሌሊት ካስመሸነው መስከረም ላይ ዋጋውን የምንከፍለው እኛው ነን።

ለጠረጴዛ ሥራ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ ከ2 እስከ 9 ዓመት ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች የታሰበ፣ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ያለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረ። ዋናው ነገሩ ልጁን ለብቻው ከማስጠናት ይልቅ በጨዋታና በቤቱ የዘወትር ሥራ ማሳተፍ ነው። የእኛ ቤት ሥራ ደግሞ ሞልቷል። ምስር ለቀማ በጣም ጥሩ ነው፦ በግራ ያልተለቀመ ሳህን፣ በቀኝ ባዶ ሳህን፣ የግራው ባዶ ሲሆን አለቀ። ባቄላና ሽንብራ ቀላቅሎ ማስለየት፣ ካልሲ ማጣመር፣ የታጠበ ማንኪያና ሹካ ወደየቦታው መመለስ። እኔ ከስፌቱ የተረፉ ትልልቅ ቁልፎችን በቀለም አስለየዋለሁ። ነገር ወደ አፉ የሚከት ልጅ ካለ ቁልፍም ሽንብራም አይሰጥ፤ ካልሲው ይበቃል። ነሐሴ ላይ የበቆሎ እሸት ሲደርስ ቅጠሉን መላጥ ይጀምራል፤ ያን ሥራ ማን እንዳስተማረው እንኳ አላውቅም፣ ሲልጥ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል።

ስልክን በተመለከተ አጭር ልሁን። ከምሳ በኋላ ይፈቀዳል። ሙሉ ቻርጅ አላደርገውም። ሲዘጋ ያለቀው ባትሪው ነው፤ ነጣቂዋ እኔ አይደለሁም።

ከፎቶዎቹ ሁሉ ብዙ የሠራሁበት «ለውጥ» የምንለው ካርድ ነው። ቢጫ ካርቶን ነው፤ ላዩ ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የተጠማዘዘ ቀስት አለበት። ተራ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ቢጫው ይሰቀላል፤ ከሥሩ አዲሱ ፎቶ። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ካርድ የሚያወጣው ክፉ ነገር ሲመጣ ነው፦ ዝናብ ዘነበ፣ መውጣት ቀረ። እንደዚያ ከተጀመረ ልጁ ቢጫ ካርድ ባየ ቁጥር መጮኽ ይማራል። እኛ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ በደግ ነገር ጀመርነው። ደረቅ ዳቦ ተሰቅሎ ሳለ ቢጫ፣ ከሥሩ ብስኩት። ምስር ለቀማ ተሰቅሎ ሳለ ቢጫ፣ ከሥሩ የአረፋ ሳሙና መንፋት። ቢጫን ሲያይ መሣቅ ሲጀምር፣ ደግም ክፉም ወዳልሆነ ነገር ለወጥነው፦ በሰማያዊው ኩባያ ፈንታ አረንጓዴው። የማይወደው ለውጥ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አሁን «ውጭ» የሚለው ፎቶ ቦታ ላይ ቢጫና «በረንዳ» ሲሰቀል ያጉረመርማል፣ እጁን ያራግባል፣ ከዚያ ወደ በረንዳ ይሄዳል። ከማጉረምረም ሊያድነው የሚችል ካርድ የለም፤ እሱም ሰው ነው።

መብራት ሲጠፋም የራሱ ፎቶ አለው፤ የበራ ሻማ ነው። ቴሌቪዥን ቢጫ፣ ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው በኋላ ደግሞ ቀጥሎ የነበረው ነገር እንደተሰቀለ ይቀራል። ልጄን የሚያረጋጋው ይህ መጨረሻው ነው፦ አንዱ ጎደለ እንጂ ቀኑ አልፈረሰም።

የአባቱ ነገር ከባድ ነበር። ሹፌር መቼ እንደሚገባ ሚስቱም አታውቅም። «ነገ ይመጣል» የሚባል ቃል በቤታችን ቀርቷል። የመኪናው ፎቶ ገመዱ ላይ የሚወጣው ባለቤቴ ሞጆን አልፎ ሲደውል ብቻ ነው። ያላረጋገጣችሁትን ነገር አትስቀሉ፤ ይህ ለአባትም ለትምህርት መክፈቻም ለዘመድም ይሠራል።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ሐምሌ ላይ ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይከፍትና ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። ስለዚህ ውጭ መውጣት ከቁርስ በኋላ ቶሎ ነው፤ የጠረጴዛ ሥራው ይጠብቃል። የእኛ ሠፈር አፈር ጥቁር መረሬ ስለሆነ ጭቃው ጫማ ይነቅላል፤ ቦት ጫማ ይግዙለት፣ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ በወፍራም ካልሲ። አዲስ ቦት ጫማ ሐምሌ 1 ቀን አይወጣም። ግንቦት ላይ በደረቁ ቤት ውስጥ እያደረገ ይልመደው። የምንሄደው ወደ ፍጥነት መንገዱ ነው። የአዳማው መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ሲኖትራኮቹ ተሰልፈው ይታያሉ። ለእርሱ ከዚህ የሚበልጥ መዝናኛ የለም፤ ክፍያም የለውም።

ድምፁ ሌላ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለምንኖር በረዶ ሲወርድ ቆርቆሮው እኛንም ያደነቁራል። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም ንክኪን ከእኛ በላይ ወይም ከእኛ በታች ይሰማሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ይህን ከመለያ ምልክቶቹ ውስጥ አስገብቶታል። የግንባታ ሠራተኞች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት መከላከያ የሥራ ደኅንነት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል፤ ለልጅ ራስም ማጥበቅ ይቻላል። ደመናው ሲጠቁር ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ከስፌት መኪናዬ ጎን ከጠረጴዛው ሥር ፍራሽና የታጠፈ ጋቢ አለ። ጋቢው ከላዩ ሲከብደው ደስ ይለዋል። ያ ቦታ መቅጫ ሆኖ አያውቅም፤ «ሂድና እዚያ ተቀመጥ» አይባልበትም። አንድ ቀን ለቅጣት ከተጠቀሙበት መሸሸጊያነቱ ያበቃል።

አሁን በጣም የምፈራውን ልጻፍ፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሳይታሰብ በር ከፍቶ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ውኃ ይስባቸዋል። በሌሎች አገሮች በእነዚህ ልጆች ላይ ከሚደርሱት የሞት አደጋዎች መስጠም ዋነኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ከከተማው ዳር ያሉ ሠፈሮች ክረምት ላይ ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ፦ ለመሠረት ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ውኃ ይሞላል፣ ክዳን የሌለው ማንሆል በጎርፍ ይሸፈናል፣ የመንገዱ ቦይ ወንዝ ይሆናል። በጋ ላይ ጉድጓድ መሆኑ የሚታየው ነገር ሐምሌ ላይ ኩሬ ይመስላል።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ሰኔ ላይ ከልጄ ጋር ሳይሆን ለብቻዬ የሠፈሩን ዙሪያ ዞሬ የት የት ጉድጓድ እንዳለ አየሁ። ከብሎካችን ጀርባ የነበረውን ለብሎክ ኮሚቴው አመልክቼ በቆርቆሮና በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ ሌሎች እናቶችም አብረውኝ ስለቆሙ ነው እንጂ እኔ ብቻዬን ብለምን የሚሰማኝ አልነበረም። በራችን ላይ እጁ በማይደርስበት ከፍታ መቀርቀሪያ ተጨመረ፤ ሲከፈት የምትጮኽ ትንሽ ቃጭልም። የሹራቡና የጃኬቱ ውስጥ በኩል የስልክ ቁጥሬን ሰፍቼበታለሁ። ወረቀት ኪስ ውስጥ አይቆይም፤ ክር ግን ቢታጠብም አይጠፋም። የግቢው ጥበቃዎች፣ ባለሱቁና በር ላይ በቆሎ የሚጠብሱት እናት ፎቶውን ስልካቸው ላይ ይዘዋል። የነገርኳቸው ረጅም ነገር አይደለም፦ «ብቻውን ካያችሁት አትጩኹበት፣ አትሩጡበት፣ ‹መኪናው የታለ?› በሉት፣ ይቆማል፤ ከዚያ ደውሉልኝ።» የእናንተ ልጅ የሚቆምበት ቃል ሌላ ይሆናል። ሠፈሩ ሁሉ ይወቀው። ስለ ልጃቸው መናገር የሚያፍሩ ወላጆች አሉ፤ ለምን እንደሚያፍሩም ይገባኛል፤ ግን በክረምት ለማፈር ጊዜ የለንም።

ነሐሴ ሲገባ ቤቱ ራሱ ይለወጣል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ወጥ ቤታችን ይጾማል፣ ሽታው ይቀየራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቀን ላይ በድምፅ ማጉያ ይቀድሳል። ፍልሰታን ሕፃናትም ስለሚጾሙት ጎረቤት የእኔን ልጅ እንቁላል ሲበላ ያያል። ልጄ የሚበላው ምግብ በጣት የሚቆጠር ነው፤ እንቁላል ከቀረ ዳቦና ፓስታ ብቻ ይቀራል። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው፤ «ይብላ እንጂ፣ ምን ያጠያይቃል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላብራራም።

አማቴም የሚመጡት በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው ጠበል ይወስዱት ዘንድ ይፈልጋሉ። «ልጄ፣ ሁለት ሱባዔ እኮ ነው፤ እኔው አብሬው አድራለሁ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልፈለግሁም፤ እኔም አማኝ ነኝ፣ እሳቸውም የሚወዱት የልጅ ልጃቸው ነው። ግን ሁለት ሳምንት ከገመዱና ከፍራሹ ርቆ፣ በሰው መሀል፣ ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ እየፈሰሰበት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። «እማማ፣ ይሂድ፤ ጠዋት ሄዶ ጠዋት ይመለስ፤ ውኃውን እርሶ በጆግ ከእጁ ይጀምሩለት» አልኳቸው። አኩርፈው ነበር፤ በኋላ ተስማሙ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ፎቶ ገመዱ ላይ ወጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ቤት። እማማ አሁን ከእኔ በላይ ጎበዝ ናቸው፤ «ከዚያስ?» እያለ ወደ ገመዱ ሲያይ እሳቸው ናቸው ፎቶውን የሚያሳዩት። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ ለጠበል ብላችሁ አታቋርጡ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ግን እንደምታውቁት ሆያ ሆዬ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ዱላ ሲወርድ ደረጃው ይንቀጠቀጣል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ርችትም አለ፣ በር ይንኳኳል፤ እና መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም። በአንድ ጊዜ ልጄ የማይችላቸው ነገሮች ሁሉ። በር መዝጋት ይቻላል፤ ግን ቡሄ የልጅ በዓል ነው፣ ልጄም ልጅ ነው። የሠፈሩን ትልልቅ ልጆች ጠርቼ ተነጋገርን። እህቱ ናት ያግባባቻቸው። እኛ ቤት የሚመጡት ከምሳ በኋላ አንዴ፣ አንድ ቡድን ሆነው፤ ሲደርሱ ከታች ፎቅ ይደውላሉ፤ ዱላው ሳይወርድ በጭብጨባ ይዘፍናሉ። በምትኩ ሙልሙል አይጎድልባቸውም። ለሳምንት ያህል በእህቱ ስልክ የተቀዳውን ሆያ ሆዬ ድምፁን ቀንሰን አሰማነው፣ በየቀኑ ትንሽ ከፍ እያደረግን። የእርሱ ሥራ ሙልሙሉን ማደል ነው። የጆሮ መከላከያውን አድርጎ በር ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ይሰጣል፣ ተራ ሳያዛባ፤ ሁለት የሚፈልግ ቢኖር አይሰጥም። ልጆቹ አሁን «ዳኛው» ይሉታል። ሌሎች ቡድኖች ሲመጡ ጥበቃው ከታች ይመልስልናል፤ ሁሉንም አይመልስም፣ ስለዚህ ያ ሰሞን መከላከያው ከአንገቱ አይለይም።

እንግዳን በተመለከተ፦ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ሳሎን ሲያድር ፎቶው ቀድሞ ይላክልን እንላለን። ገመዱ ላይ ፊቱ፣ የሚተኛበት ፍራሽም ቦታው። ልጄን ካልሳምኩ የሚል እንግዳ አለ፤ «እጁን ዘርጋለት፣ ሲፈልግ ይነካሃል» ማለት ነው። ታክሲ ለመለማመድ ደግሞ ክረምት ከሌላው ጊዜ ይሻላል፤ ተማሪ የለም፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ይቀላል። አንድ ፌርማታ ሄዶ መመለስ ይበቃል።

ማዕከል ያላቸው ወላጆች ዕድለኛ ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ ነህምያ የሚባል ማዕከልም አለ። ወይዘሮ ዘሚ በአደባባይ ባይናገሩ ኖሮ እኔ ዛሬ ለጥበቃው «ኦቲዝም አለበት» ብዬ የምናገርበት ድፍረት ከየት ይመጣ ነበር። ግን ማዕከል ቢገኝም ልጁ የሚያድረው፣ ቅዳሜና እሁድም የሚውለው ቤት ነው፤ ከከተማው ዳር በየቀኑ መመላለስ ደግሞ የሁሉም አቅም አይደለም። እኛ ያደረግነው ከሌላ ብሎክ ካለች ኦቲዝም ያለባት ልጅ ካላት እናት ጋር መቀያየር ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጄ እሷ ቤት፣ ሌላ ከሰዓት ልጇ እኔ ቤት። ሁለቱም ቤት ገመድ አለ። በዚያች ከሰዓት ምን እንደምሠራ ልንገራችሁ? እተኛለሁ። ለሴት ልጄም ከሳምንቱ የእሷ ብቻ የሆነ ቀን አላት፤ ወንድሟን እንድትጠብቅ የማትጠየቅበት።

ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ዓይናችን መስከረም ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያ በእጄ እሠራለሁ፤ የታተሙት ትንንሽ ናቸው፣ የውጮቹ ደግሞ ጳጉሜን አያውቋትም። ጳጉሜን በ4 ዓመት አንዴ 6 ቀን ስለምትሆን ከመሣላችሁ በፊት ዓመቱን እዩ። በየማታው ያለፈውን ቀን እሱ ይሰርዛል። እንቁጣጣሽ ላይ አበባ ይለጠፋል። የትምህርት ቤቱ ፎቶ ግን ሳይረጋገጥ አይለጠፍም፤ መክፈቻው ይገፋል፣ መጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ዩኒፎርሙን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይለብሳል፤ አንገቱ ላይ ያለውን ምልክት እቆርጠዋለሁ፣ ይበላዋል። አዲስ ጫማም እንዲሁ። ፀጉር ቆረጣው ለአውዳመት ዋዜማ አይቀመጥም፤ ያኔ ፀጉር ቤቱ ይጨናነቃል፣ መቁረጫው ማሽን አይቆምም። ቀደም ብሎ፣ ጠዋት፣ ሰው ሳይኖር። ለምዝገባ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ፤ ግቢውን ባዶውን ይየው፣ ወንበሩ የት እንደሆነ ይወቅ፣ አዲሷ መምህሩም እጇን ትዘርጋለት።

ለመምህሯ የምሰጠው አንድ ገጽ አለ። በሽታው ምንድን ነው የሚል ሐተታ የለበትም። የሚናገራቸው ቃላት፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ የሚያሳየው ምልክት፣ ከመጮኹ በፊት የሚታዩበት ነገሮች፣ የሚያረጋጋው፣ የማይበላው፣ «መኪናው የታለ?» የሚለው ቃል፣ ቢጫው ካርድ ምን እንደሆነ፣ ክረምት ላይ አዲስ የለመደው፣ ስልኬ። ከገጹ ጋር አንድ ቢጫ ካርድ አብሮ ይሰጣል። ሁለት ኮፒ አድርጉት፤ አንዱ ለመምህሯ፣ አንዱ ለዳይሬክተሩ ቢሮ። ጥቅምት ላይ መምህር ሊቀየር ይችላል።